ያለ ትእዛዝ የተገኘ ማስረጃ፦ የፖሊስ ብርበራና መያዝ ሕጋዊነት በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ

ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ ገንዳ ውኃና ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ ኢትዮጵያን ከሱዳን ከሚያገናኙት የየብስ በሮች ዋነኞቹ መካከል ይቆጠራል። ሰሊጥና ጥጥ የሚጫንበት፣ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ የሚጓዝበት መንገድ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስም ብዙ ስደተኛ የገባው በዚሁ በር ነው። የጦር መሣሪያና ጥይት፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት ሸቀጥ፣ በደላላ እጅ ወደ ማዶ የሚሻገር ወጣትም ይተላለፍበታል። በዚህም ምክንያት ፍተሻ በአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። ኬላ ላይ አውቶቡስ ይቆማል፣ መንገደኛ ይወርዳል፣ ጓዝ ይፈታል፤ ምንም ካልተገኘ ጉዞው ይቀጥላል። ከእነዚህ ፍተሻዎች ፍርድ ቤት የሚደርሱት አንድ ነገር የተገኘባቸው ብቻ ናቸው። የደረሱትም ክስና ኤግዚቢት ሆነው ስለሚቀርቡ የችሎቱ ትኩረት በአብዛኛው በተገኘው ነገር ላይ ያርፋል፤ ነገሩ ፖሊስ እጅ እንዴት ገባ የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንን ወደ ኋላ የቀረ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ብርበራው ወይም ፍተሻው ሕጋዊ ነበር ወይ የሚል ሲሆን ሁለተኛው ሕጋዊ ካልነበረ የተገኘው ማስረጃ ምን ይሆናል የሚል ነው። የኢትዮጵያ ሕግ የመጀመሪያውን ለቤት በዝርዝር፣ ለመንገድ ደግሞ በጥቂቱ መልሶታል፤ ሁለተኛውን ግን በቀጥታ አልመለሰም። በምዕራብ ጎንደር ቆላ አብዛኛው ፍተሻ የሚካሄደው በመንገድ፣ በእርሻ ካምፕና በድንኳን ስለሆነ ሕጉ የሳሳበት ቦታ ፍተሻው የበዛበት ቦታ ሆኖ ይገኛል።

የሕጉ መነሻ

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ሲደነግግ መኖሪያ ቤትን፣ ሰውነትንና ንብረትን ከመመርመር፣ በግል ይዞታ ያለንም ንብረት ከመያዝ ይጠብቃል። መብቱ የተሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው፤ በዜግነት አልተገደበም። በንዑስ አንቀጽ 3 መብቱን መገደብ የሚቻለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና ብሔራዊ ደኅንነትን፣ የሕዝብን ሰላም፣ ወንጀልን መከላከልን የመሳሰሉ ዓላማዎችን መሠረት አድርገው በሚወጡ ዝርዝር ሕጎች ነው። «ዝርዝር ሕጎች» የሚለው ሐረግ ከታች በስፋት ስለሚነሳ ልብ ሊባል ይገባዋል። ጥበቃው ከሕገ መንግሥቱ ቀድሞም ነበረ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 11 እና 13 ሕግ ከፈቀደው ውጭ ሰው እንዳይፈተሽ፣ ቤቱም ያለ ፈቃዱ እንዳይገባበትና እንዳይበረበር ደንግጓል።

ዝርዝሩ ያለው በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። አንቀጽ 32(1) የተያዘን ሰው መፈተሽ የሚቻለው ለተጠረጠረበት ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ነገር በላዩ እንዳለ በበቂ ምክንያት ሲጠረጠር መሆኑን፣ ፈታሹም ከተፈታሹ ጋር አንድ ዓይነት ፆታ ሊኖረው እንደሚገባ ይናገራል። አንቀጽ 32(2) ደግሞ ፖሊስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይዝ ቤት ወይም ቅጥር ግቢ እንዳይበረብር ይከለክላል፤ ሁለት ልዩ ሁኔታዎችንም ያስቀምጣል። አንቀጽ 33 ስለ ትእዛዙ ይዘት ነው። ትእዛዝ ማንኛውም ፍርድ ቤት ሊሰጥ ይችላል፤ ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ትእዛዙ ለፍትሕ ወይም ለምርመራው እንደሚጠቅም ማመን አለበት። ትእዛዙ የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መጥቀስ፣ ፖሊሱም ከተጠቀሰው ውጭ አለመያዝ፣ የያዘውን በዝርዝር መጻፍና በተቻለ መጠን ገለልተኛ ሰው አይቶ እንዲፈርምበት ማድረግ አለበት። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ብርበራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ይፈጸማል።

በችሎትና በፖሊስ ጣቢያ አነጋገር «ብርበራ» ለቤት፣ «ፍተሻ» ለሰው፣ ለጓዝና ለተሽከርካሪ ይውላል። ልዩነቱ የቋንቋ ልማድ ቢመስልም ውጤት አለው፤ ብርበራ የተባለው ትእዛዝ ይፈልጋል፣ ፍተሻ የተባለው ግን ትእዛዝ እንደማይፈልግ ተደርጎ በዝምታ ይታለፋል። ሕገ መንግሥቱ ሁለቱንም «መመርመር» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ እኩል ጥበቃ የሰጠ መሆኑ በክርክር ሲነሳ እምብዛም አይታይም።

ያለ ትእዛዝ ስለሚደረግ ብርበራ

ከሁለቱ ልዩ ሁኔታዎች የመጀመሪያው ቀላል ነው። በእግር በእግር እየተከተሉት ያለ ወንጀለኛ ቤት ቢገባ ወይም የወንጀሉን ፍሬ ቤት ውስጥ ቢጥል ፖሊስ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ተከትሎ መግባት ይችላል። በመተማ ዮሐንስ ይህ ድንጋጌ የራሱ ወሰን አለው፤ ክትትሉ ጋላባት ሲደርስ የኢትዮጵያ ፖሊስ ሥልጣን ያበቃል።

አከራካሪው ሁለተኛው፣ አንቀጽ 32(2)(ለ) ነው። በአሠራር ብዙ ጊዜ «አስቸኳይ ነበር» በሚል አንድ ቃል ይጠቀሳል፤ በጽሑፉ ግን በርካታ ሁኔታዎች ተደራርበው መሟላት አለባቸው። አስቀድሞ በሕጉ አንቀጽ 14 መሠረት ክስ ወይም አቤቱታ ቀርቦ መሆን አለበት። ወንጀሉ ከሦስት ዓመት በላይ በሆነ እስራት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ማስረጃ የሚሆነው ዕቃ በስፍራው መደበቁን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት የሚሰጥ መረጃ ለፖሊስ ደርሶ መሆን አለበት። በመጨረሻም ትእዛዝ እስኪወጣ ቢጠበቅ ዕቃው ሊሸሽ እንደሚችል ፖሊሱ የሚያምንበት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

የመጨረሻው ሁኔታ በቆላው ልዩ ትርጉም አለው። በክረምት የመተማና የቋራ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ከዋናው መንገድ የወጣ ተሽከርካሪ አይንቀሳቀስም፤ ከእርሻ ጣቢያ ወረዳ ፍርድ ቤት ደርሶ መመለስ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ድንበሩም ቅርብ ነው። ስለዚህ ዕቃው ይሸሻል የሚለው ስጋት ብዙ ጊዜ እውነተኛ ነው፤ አንድ ዳኛ ይህን ቢቀበል አይወቀስም። ሆኖም ርቀቱ አንዱን ሁኔታ እንጂ ሌሎቹን አያሟላም። አቤቱታ ሳይቀርብ፣ ወንጀሉ ምን እንደሆነ ሳይለይ፣ «ከአካባቢው ሰው በደረሰን ጥቆማ» ብቻ የተገባ ቤት በ32(2)(ለ) ሊሸፈን አይችልም። ገንዳ ውኃ ከተማ ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት፣ ፍርድ ቤቱ ባለበት ከተማ የተደረገ ብርበራ ደግሞ የርቀትን ምክንያት ጨርሶ ሊያነሳ አይችልም። ልዩ ሁኔታው የመርሁ ገደብ እንደመሆኑ ሁኔታዎቹ መሟላታቸውን የማስረዳቱ ሸክም በዐቃቤ ሕግ ላይ ቢወድቅ ከሕገ መንግሥቱ አወቃቀር ጋር ይስማማል። ፖሊሱ መረጃው መቼ እንደደረሰው፣ ከዚያም ለምን ትእዛዝ እንዳልጠየቀ በሰዓት ለይቶ እንዲመሰክር መጠየቅ ለችሎቱ ብዙ ጊዜ የሚወስድ ነገር አይደለም።

ትእዛዝ ኖሮም ችግር የሚነሳበት ሁኔታ አለ። ለምሳሌ ፖሊስ ቀረጥ ያልተከፈለበት ሲጋራ እንዲፈልግ ትእዛዝ አውጥቶ አንድ መጋዘን ሲበረብር ክላሽንኮቭ ጠመንጃ ቢያገኝ ምን ያደርጋል? በቆላው የእርሻ ባለቤት ጠመንጃ ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድን ግዴታ ካደረገ ወዲህ ጥያቄው የሚነሳበት ዕድል ሰፍቷል። አንቀጽ 33 ከትእዛዙ ውጭ ያለ ነገር አይያዝም ሲል ግልጽ ነው፤ በሌሎች አገሮች ዓይን ያረፈበትን ሕገ ወጥ ዕቃ መያዝን የሚፈቅደው ሐሳብ በሕጉ ውስጥ የለም። በዐቃቤ ሕግ በኩል የሚቀርበው መልስ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ራሱ እጅ ከፍንጅ ወንጀል ስለሆነ የአንቀጽ 19 እና ተከታዮቹ ድንጋጌዎች ይሠራሉ የሚል ነው። መልሱ ክብደት አለው፣ ግን እስከ መጨረሻው አይወስድም። የእጅ ከፍንጅ ድንጋጌዎች ያለ ትእዛዝ ሰውን መያዝንና ያለ አቤቱታ ምርመራ መጀመርን ይመለከታሉ፤ ስለ ብርበራ አንቀጽ 32 ራሱ ያወቀው ክትትልን ብቻ ነው። ይበልጥ የሚያስተማምነው መንገድ ስፍራውን ጠብቆ ለመሣሪያው ሌላ ትእዛዝ መጠየቅ ነው።

ቤት ያልሆነ ስፍራ

የ1954ቱ ሕግ ሲረቀቅ በአእምሮ የነበረው ብርበራ በር ያለው ቤት ነበር። የመተማ አውቶቡስ፣ የሰሊጥ እርሻ ካምፕና የስደተኛ ድንኳን በጽሑፉ ውስጥ ስፍራቸውን በቀላሉ አያገኙም።

አውቶቡሱን እንመልከት። አንቀጽ 32(1) የሚናገረው ስለ ተያዘ ሰው ነው። ኬላ ላይ ከአውቶቡስ የሚወርደው መንገደኛ ግን አልተያዘም፤ በምንም አልተጠረጠረም። ያልተያዘን፣ ያልተጠረጠረን ሰውና ጓዙን በጅምላ ለመፈተሽ ይህ ሕግ ሥልጣን አይሰጥም። ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው መሠረት ፖሊስ ወንጀልን የመከላከል ኃላፊነት አለበት የሚል ነው። ይህ ግን ተግባርን የሚሰጥ አጠቃላይ ድንጋጌ ነው፤ አንቀጽ 26(3) ደግሞ የሚጠይቀው ዝርዝር ሕግ ነው። ሕግ አውጪው የመንገድ ፍተሻን መፍቀድ ሲፈልግ በግልጽ እንደሚጽፈው የሚያሳይ ምሳሌም አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 በአንቀጽ 16 ተሽከርካሪንና እግረኛን አስቁሞ ድንገተኛ ፍተሻ ማድረግን ሲፈቅድ የፌዴራል ፖሊስን የበላይ ኃላፊ ወይም የወከለውን ሰው ፈቃድ ጠይቆ ነበር። ያ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተሽሯል። በብዙ ትችቱ የሚታወቀው ሕግ እንኳ ፈቃድ የጠየቀበትን ፍተሻ ለተራ ወንጀል ያለ ፈቃድ የሚቻል አድርጎ መተርጎም አስቸጋሪ ነው።

በጉምሩክ በኩል ነገሩ ይለያል። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1160/2011 ዕቃንና ማጓጓዣን ለመቆጣጠር ሰፊ ሥልጣን ይሰጣሉ፤ ድንበር ላይ የሚደረግ የዕቃ ቁጥጥርም በየትኛውም አገር ከቤት ብርበራ ላላ ባለ መስፈርት ይመራል። ጥያቄው የሚነሳው አንድ ኬላ ላይ የጉምሩክ ሠራተኛ፣ ፖሊስና ሚሊሻ አብረው ሲቆሙ ነው። ፍተሻውን ያደረገው ማን ነው? የፈለገውስ ምን ነበር? የጉምሩክ ሥልጣን ለሸቀጥ ቁጥጥር የተሰጠ ነው፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉም የመፈተሽ ሥልጣን የሰጠው ለፖሊስ ነው። አንዱ የሌላውን ሥልጣን ተውሶ የሠራበት ጉዳይ በችሎት ሲቀርብ ዳኛው የፈታሹን ማንነት ሳያጣራ ቢያልፍ በሕጉ ላይ ያለው ገደብ ሁሉ ትርጉም ያጣል።

ከመኪናው ይልቅ የካምፑ ነገር ይከብዳል። በአረምና በአጨዳ ወራት በርካታ የቀን ሠራተኞች በእርሻው ላይ በተሠራ የሣር ዳስ ወይም የቆርቆሮ መጠለያ አንድ ላይ ያድራሉ። መሬቱ የባለሀብቱ ነው፣ መጠለያውም የእሱ ነው፤ የሠራተኛው ግን ፌስታሉና ምንጣፉ ብቻ ናቸው። ፖሊስ ሲመጣ ባለሀብቱ ወይም ተቆጣጣሪው «ግቡና ፈትሹ» ቢል ይህ ፈቃድ የሠራተኛውን ፌስታል ይጨምራል ወይ? የሥነ ሥርዓት ሕጉ በፈቃድ ስለሚደረግ ፍተሻ ምንም አይልም። ሕገ መንግሥቱ ግን ጥበቃውን ያሰረው ከባለቤትነት ጋር ሳይሆን ከ«መኖሪያ» እና ከ«ግል ይዞታ» ጋር ነው። ለሁለትና ሦስት ወር የሚታደርበት ዳስ መኖሪያ ነው፤ በራስጌ የተቀመጠ ፌስታልም የግል ይዞታ ነው። አሠሪው የራሱን መጋዘን ሊያስፈትሽ ይችላል፤ የሌላውን መብት ግን ሊተውለት አይችልም። በ2015 ዓ.ም. ማግስት በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ስለሰፈሩት የሱዳን ስደተኞች ድንኳንም ነገሩ ከዚህ አይለይም፤ አንቀጽ 26 «ማንኛውም ሰው» ይላልና።

የእጅ ስልክ ጉዳይ በአጭሩ መነሳት አለበት። በሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውርና በድንበር ማሻገር ክስ ላይ ከደላላ ስልክ የተገኘ የጥሪና የመልእክት መረጃ ዋነኛ ማስረጃ እየሆነ መጥቷል። አንቀጽ 26(2) የመልእክት ልውውጥን ለብቻው ጠብቋል፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በበኩሉ በሥሩ ለሚደረግ ምርመራ የፍርድ ቤት ትእዛዝን ይጠይቃል። ስልኩን መያዝና ስልኩን ከፍቶ ማንበብ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው፤ ለመጀመሪያው የተሰጠ ሥልጣን ሁለተኛውን አይሸፍንም።

ሕገ ወጥነቱ ቢረጋገጥስ?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው በግልጽ ይደነግጋል። ስለ ሕገ ወጥ ብርበራ እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 146 በማስረጃ ላይ ተቃውሞ ሲነሳ ፍርድ ቤቱ ወዲያው እንዲወስን ይላል፤ በምን መስፈርት እንደሚወስን ግን አይናገርም። ወጥ የማስረጃ ሕግ አለመኖሩ ክፍተቱን አስፍቶታል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 604 የመኖሪያ ቤትን ደፍሮ መግባትን ይቀጣል፤ ሆኖም ፖሊሱ ሊቀጣ መቻሉ በተከሳሹ ላይ የቀረበውን ማስረጃ ዕጣ አይወስንም።

ይህ ጥያቄ በሌላ ቦታ እንዴት እንደተፈታ ማየት ይጠቅማል። የኢትዮጵያ የሥነ ሥርዓት ሕግ በታወጀበት እ.ኤ.አ. በ1961 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማፕ ክስ ያለ ሕግ በተደረገ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በክልል ፍርድ ቤቶችም እንዳይቀርብ ወስኖ ነበር። ሕጋችን ብዙ የተዋሰው ግን ከእንግሊዝ ሥርዓት ነው፤ የዚያን ዘመን የእንግሊዝ አቋም ደግሞ በተቃራኒው ቆሞ ነበር። ለመተማ ኬላ የሚቀርበው ምሳሌም ከዚያው ወገን ከጎረቤት ኬንያ የመጣ ነው። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዘመን ኩሩማ የተባለ ሰው በብስክሌት ሲጓዝ መንገድ ላይ በቆመ ኬላ ተያዘ፤ ሁለት ጥይት ተገኘበት ተባለ። ደንቡ እንዲህ ያለውን ፍተሻ የፈቀደው ከተወሰነ ማዕረግ በላይ ላሉ ፖሊሶች ሲሆን የፈተሹት ግን ከዚያ በታች ነበሩ። ሞት ተፈረደበት። በለንደን የነበረው የፕሪቪ ካውንስል በ1955 የፍርድ ስብስብ በታተመው ውሳኔው ማስረጃው ከጉዳዩ ጋር አግባብነት እስካለው ድረስ እንዴት እንደተገኘ አይጠየቅም ብሎ ይግባኙን ጣለው። የዚያች አገር መልስ ዛሬ ተለውጧል። የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50(4) መብትን በመጣስ የተገኘ ማስረጃ ችሎቱን ኢፍትሐዊ የሚያደርግ ወይም ለፍትሕ አስተዳደር ጎጂ ከሆነ እንዲወገድ ያዛል። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35(5) ከዚህ ቀድሞ ያንኑ ብሏል።

የኢትዮጵያ ችሎቶች አሠራር እስካሁን ከኩሩማ ውሳኔ መንፈስ ጋር ይቀራረባል። የፍተሻው ሕገ ወጥነት ቢነሳ እንኳ ማስረጃውን ከማስወገድ ይልቅ እንደ ምዘና ጉዳይ ይታያል፤ ዳኛው «ይህ ማስረጃ መቅረብ ይችላል ወይ?» ከማለት ይልቅ «ይህን ማስረጃ አምነዋለሁ ወይ?» ይላል። ተከላካዩም ብዙ ጊዜ ተቃውሞውን በአንቀጽ 146 ማስረጃው ሲቀርብ ሳይሆን በመጨረሻ ክርክሩ ላይ ስለሚያነሳው ክብደቱ ይቀንሳል።

ምዘናው ብቻውን በቂ ነው ሊባል አይችልም። ምዘና የሚጠይቀው ጥይቱ በእርግጥ ተገኘ ወይ የሚለውን ነው፤ መብቱ ግን የተጣሰው ጥይቱ ቢገኝም ባይገኝም ነው። ሕጉ ለዳኛው ሌላ በር አልከፈተም ማለትም አይቻልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(1) ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን አሠራር ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት እንደማይኖረው ይደነግጋል። አንቀጽ 13(2) የመብት ድንጋጌዎች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ሰነዶች ጋር በሚጣጣም መንገድ እንዲተረጎሙ ያዛል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 17 በዘፈቀደ የቤትና የግል ሕይወት መደፈርን ይከለክላል። በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ አንቀጽ 32ን በግልጽ ጥሶ የተገኘን ማስረጃ አልቀበልም የሚል ዳኛ ሕግ ፈጠረ አይባልም። የሚነሳው ተቃውሞ ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን በአንቀጽ 83 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው የሚል ሲሆን እዚህ ላይ ብዙም አያስኬድም፤ አንቀጽ 13(1) ፍርድ ቤቶች የመብት ድንጋጌዎችን የማክበርና የማስከበር ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል፤ ዳኛው የሚያደርገውም ድንጋጌውን በተያዘው ጉዳይ ላይ መተግበር ነው።

ነገሩን በምዕራብ ጎንደር የሚያወሳስበው የሥልጣን አደረጃጀቱም ነው። የጉምሩክን የመሳሰሉ የፌዴራል ወንጀሎች በአማራ ክልል የሚታዩት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78 እና 80 በውክልና በክልሉ ፍርድ ቤቶች ነው። አንድ ዓይነት ኬላ ላይ የተገኙ ሁለት ዕቃዎች በተለያየ የሥልጣን እርከን ሊታዩና አንዱ ሌላውን በማያስገድድ ሁለት ችሎት ሁለት መልስ ሊያገኙ ይችላሉ። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ፣ አሁንም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ስለሚያስገድድ ልዩነቱን ሊዘጋ የሚችለው ያ ችሎት ነው። ጉዳዩ እዚያ እንዲደርስ ግን ተቃውሞው በሥር ፍርድ ቤት በግልጽ ተነስቶ በመዝገብ መስፈር አለበት።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአማራ ክልልን የሚመለከት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 6/2015 አወጀ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነሐሴ 8 ቀን አጸደቀው፣ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ለተጨማሪ አራት ወራት አራዘመው። አዋጁ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መበርበርን ፈቅዷል። አንቀጽ 26 በአንቀጽ 93(4)(ሐ) ከማይገደቡት ድንጋጌዎች መካከል ስላልሆነ ፈቃዱ በራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ማለት ያስቸግራል። ለፍርድ ቤቶች የቀረው ጥያቄ የጊዜ ነው። አዋጁ በሥራ ላይ በነበረበት ወቅት የተደረገ ብርበራ በአዋጁ ይመዘናል፤ አዋጁ ካበቃ በኋላ የተደረገው ግን አካባቢው ምንም ያህል ባይረጋጋ ወደ አንቀጽ 32 ተመልሶ ይመዘናል። በቆላው ኬላ ላይ የነበረው አሠራር አዋጁ ባበቃ ማግስት ካልተለወጠ ልዩነቱን ማየት የሚችለው የብርበራውን ቀን የሚጠይቅ ዳኛ ብቻ ነው።

ዝርዝሩና የደረጃ ምስክሩ

ማስረጃ የማስወገድ ደንብ ባልጠነከረበት ሥርዓት የአንቀጽ 33 ትንሽ የምትመስል መስፈርት፣ የተያዘው ዕቃ ዝርዝርና የገለልተኛው ሰው ፊርማ፣ ዋናውን ሸክም ትሸከማለች። በአሠራር «የደረጃ ምስክር» የሚባለው ይህ ሰው ነው። የፖሊሱ ቃልና የተከሳሹ ክህደት እኩል ቆመው ሲገናኙ ሚዛኑን የሚያነሳው እሱ ነው። በተግባርም ተከሳሾች ነፃ የሚወጡት ፍተሻው ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ሳይሆን የደረጃ ምስክሩ ዕቃው ከማን እጅ ወይም ከየትኛው ሻንጣ እንደወጣ ማስረዳት ሲያቅተውና ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 141 መሠረት ተከሳሹ ሊከላከል አይገባም ሲል ነው።

ለምሳሌ ከመተማ ዮሐንስ ወደ ጎንደር የሚሄድ አውቶቡስ ሌሊት ተቆመና በመቀመጫ ሥር ከተቀመጠ ከረጢት ጥይት ተገኘ እንበል። ከረጢቱ የማን ነው? የደረጃ ምስክር ሆነው የሚፈርሙት ተሳፋሪዎችና የሾፌሩ ረዳት ናቸው። ከረጢቱ ሲፈታ አዩ እንጂ ሲቀመጥ አላዩም። ፖሊሱ ከረጢቱን ከፍቶ ካስቀመጠ በኋላ የተጠሩ ከሆነ ደግሞ የሚመሰክሩት ከረጢቱ ተከፍቶ መገኘቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ምስክሩ ዝርዝሩ ላይ መፈረሙ አይበቃም፤ ከፍተሻው በፊት ተጠርቶ እንደነበር፣ የት ቆሞ እንዳየ፣ ተከሳሹ በዚያ ሰዓት ከረጢቱን በሚመለከት ምን እንዳደረገ በዝርዝሩ ላይ መስፈር ይኖርበታል።

ከዚህ የሚብሰው የምስክሩ መገኘት ነው። በጥቅምት በካምፕ ብርበራ የደረጃ ምስክር ሆኖ የፈረመው የአጨዳ ሠራተኛ ሰሊጡ ሲያበቃ ወደ ደጋ አገሩ ይመለሳል። ክሱ በየካቲት ሲሰማ መጥሪያው «በአድራሻው አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 144 ሊገኝ ያልቻለ ምስክር ቃል ሊነበብ የሚችለው በቀዳሚ ምርመራ በፍርድ ቤት የተሰጠ ሲሆን ነው፤ ለፖሊስ የሰጠው ቃል በዚህ ድንጋጌ አይሸፈንም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(4) ተከሳሹ የቀረበበትን ምስክር የመጠየቅ መብት ስላለው ፊርማውን ብቻ በምስክሩ ቦታ ማስቀመጥም አይቻልም። ፖሊስ ከሠራተኛው ይልቅ የቀበሌውን ነዋሪ ቢጠራ፣ ይህ ባይሆን እንኳ የምስክሩን የትውልድ ወረዳና ቀበሌ ከፊርማው ሥር ቢያጽፍ፣ ዐቃቤ ሕግም የአጨዳው ወቅት ሳያልቅ የምስክሩ ቃል በፍርድ ቤት እንዲሰማ ቢጠይቅ የብዙ መዝገቦች ዕጣ ይለወጥ ነበር። ይህ ባልተደረገበት መዝገብ ላይ ዳኛው የሚያገኘው የፖሊሱን ቃል፣ ጥይቱንና አንብቦ ሊያጣራው የማይችለውን ፊርማ ነው።